ላይሰንሱ ወጣ፤ ደንበኛውስ?

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ በሚኖረው ማኅበረሰባችን ውስጥ የቤት ሽያጭ ኤጀንት ያልሆነ ሰው ካለ፣ ኤጀንት የሆነ ዘመድ ያለው ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሱቆች ባንኮኒ ላይ የተደረደሩትን ቢዝነስ ካርዶች ያየ ሰው ማጋነኔን ይቅር ይለኛል። ከካርዶቹ ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው ሥራውን ከተዉት በኋላም እዚያው የቀሩ ናቸው። ለምን ተዉት ሲባል የሁሉም መልስ “ገበያው” ነው።

ገበያው መቀዝቀዙ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው አሜሪካ 6.12 ሚሊዮን ነባር ቤቶች ተሸጠው ነበር፤ በ2024 ግን ቁጥሩ ወደ 4.06 ሚሊዮን ወረደ፤ ይህም ከ1995 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። ይሁንና በዚሁ ገበያ ውስጥ የሚሠሩ አሉ። አዲሱን ሰው ቶሎ የሚጥለው፣ እኔ እንደማየው፣ ሲገባ ይዞት የሚመጣው የተሳሳተ ግምት ነው። እንዲህ ያሉትን ግምቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

“ላይሰንሱን ካወጣሁ ሥራው ይመጣል”

ቨርጂኒያም፣ ሜሪላንድም፣ ዲሲም የሚጠይቁት የ60 ሰዓት ትምህርትና ፈተና ነው። ትምህርቱ ስለ ውልና ስለ ንብረት ሕግ እንጂ ደንበኛ ከየት እንደሚመጣ አይነግርም። ፈተናውን ያለፈ ሰው በአንድ ብሮከር ስር መመዝገብ ግድ ይለዋል፤ ብሮከሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደሞዝ ከፋይ አይደለም። ኤጀንቱ በራሱ የሚተዳደር ነጋዴ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ቤቱ በ400,000 ዶላር ተሸጠ፤ የገዢው ኤጀንት ክፍያ 2.5 በመቶ ነው እንበል (ክፍያው በድርድር እንጂ በሕግ የተተመነ አይደለም)። 10,000 ዶላር ሆነ። ክፍፍሉ 70 ለ30 ከሆነ ብሮከሩ 3,000 ይወስዳል። ከቀረው 7,000 ላይ 15.3 በመቶ ገደማ የራስ ሥራ ታክስ አለ፤ የገቢ ግብሩ፣ የኤም ኤል ኤስ (ኤጀንቶች በጋራ የሚጠቀሙበት የሚሸጡ ቤቶች ዝርዝር) ክፍያውና ቤንዚኑ ከዚያ ይቀጥላል። ውሉ ከተፈረመ እስከ ክሎዚንግ (ሽያጩ እስኪጠናቀቅ) ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ቤት በማሳየት የሚያልፉ ወራት አሉ። የመጀመሪያዋ ቼክ ስትዘገይ ብዙዎች “ዕድል የለኝም” ይላሉ። የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ የሥራው ጠባይ እንዲህ ነው።

“አበሻው ሁሉ ደንበኛዬ ነው”

ትልቁ ተረት ይሄ ነው። አማርኛ መናገር መልካም መግቢያ ነው፤ ግን ባንኮኒው ላይ ካርዱን ያስቀመጠው ሁሉ አማርኛ ይናገራል። በዚያ ላይ ዘመድና ጓደኛ የመጀመሪያ ደንበኛ ይሆናል ብሎ መቁጠር የሰዋችንን ጠባይ መርሳት ነው። ቤት መግዛት ማለት የባንክ ስቴትመንትን፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳን፣ አንዳንዴም ከባልና ሚስት አንዱ ከሌላው የደበቀውን ሁሉ መግለጥ ነው። በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ለሚያገኙት ሰው ይህን ማሳየት የሚከብዳቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ወንድሜ የሚሉት ሰው የማያውቁትን ኤጀንት ይዞ ቤት ቢገዛ እንደ ክህደት አይቁጠሩበት።

ታዲያ ቋንቋና ዝምድና ካልበቁ፣ አንዱን ኤጀንት ከሌላው የሚለየው ልዩ ሙያ ምንድን ነው? አንድን ዓይነት ችግር ከሌላው ኤጀንት አብልጦ ማወቅ ነው። ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

ታክሲና ኡበር የሚነዳውን ሰው ውሰዱ። በዓመት 70,000 ዶላር አስገብቶ ታክስ ሲያሠራ ለ40,000 ማይል በ2024 ሒሳብ በማይል 67 ሳንቲም ያስቀንሳል፤ 26,800 ዶላር ማለት ነው። ሌላ ወጪ ባይነሳ እንኳ በወረቀት ላይ የሚታየው ገቢ 43,200 ነው። ሰውየውም “ለኔ ሞርጌጅ አይሰጡኝም” ብሎ ቁጭ ይላል። ነገር ግን ከ67ቱ ሳንቲም 30ው የመኪናው እርጅና ተብሎ የተቆጠረ ስለሆነ፣ አበዳሪዎች ይህን ድርሻ መልሰው ገቢው ላይ ሊደምሩለት ይችላሉ። በዚህ ምሳሌ 12,000 ዶላር፣ በወር አንድ ሺህ ማለት ነው። ሒሳቡን የሚሠራው አበዳሪው እንጂ ኤጀንቱ አይደለም። ግን ይህን አውቆ፣ የሾፌር ፋይል መሥራት ወደሚችል የብድር ባለሙያ የሚመራ ኤጀንት በሾፌሮች መካከል ስሙ ሳይዞር አይቀርም።

ሁለተኛው እቁብ ነው። ገዢው እቁብ ደርሶት 15,000 ዶላር ባንክ ያስገባል፤ አበዳሪው የቅርብ ወራቱን ስቴትመንት አይቶ “ይህ ከየት መጣ?” ይላል። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም “ከወንድሜ የተሰጠኝ ስጦታ ነው” ብሎ የሐሰት ወረቀት ያዘጋጃል። ይህ ወንጀል ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። የኤፍ ኤች ኤ (የፌደራል መንግሥት ዋስትና ያለው) ብድር መመሪያ አባላት በጋራ የሚያስተዳድሩትን የቁጠባ ማኅበር ለዳውን ፔይመንት ከሚሆኑ የገንዘብ ምንጮች አንዱ አድርጎ ይቀበላል። የሚፈለገው የማኅበሩ መዝገብና ደረሰኝ፣ ማኅበሩ እየሠራ ለመሆኑም የገንዘብ ያዡ ማረጋገጫ ነው። ወደፊት የሚከፈለው መዋጮም እንደ ዕዳ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ ከወራት በፊት “እቁብ አለዎት? ጸሐፊው መዝገብ ይይዛሉ?” ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ገበያን ማጥበብ አይደለም። ሾፌሩ ነርስ እህት አለችው፤ እህቱም ሱቅ ያለው ባል አላት። ሰው ኤጀንትን ለሌላ የሚጠቁመው “ጥሩ ልጅ ነው” ብሎ ሳይሆን “የእቁቡን ነገር የጨረሰልኝ እሱ ነው” ብሎ ነው።

“አበሻ የበዛበት ሰፈር እወስዳችኋለሁ”

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፍትሐዊ ቤት ሕግ በዘር፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ለይቶ ደንበኛን ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ወይም ከሌላው ማራቅን ይከለክላል። ለደንበኛው ደግ መሆን ሰበብ አይሆንም። ደንበኛው ራሱ “ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ” ካለ ፍለጋው የራሱ ነው፤ ኤጀንቱ ግን በደንበኛው ፈንታ መወሰን አይችልም።

“ገዢ ላመጣልኝ ሰው ከኮሚሽኔ እቆርስለታለሁ”

አዲስ አበባ ላይ ያገናኘ ሁሉ ድርሻ አለው። እዚህ ግን ላይሰንስ ለሌለው ሰው ከኮሚሽን ማካፈል ያስጠይቃል፤ ከሞርጌጅ ሰውና ከክሎዚንግ ኩባንያ ለደንበኛ ጥቆማ ገንዘብ መቀበልንም እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የፌደራል ሕግ ይከለክላል። ምስጋናዎን በቃል ያድርሱ።

“ወረቀት ካስፈረምኩ ይበረግጋሉ”

ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ ኤም ኤል ኤስ የሚጠቀም ኤጀንት ለገዢ ቤት ከማሳየቱ በፊት ክፍያው በግልጽ የሰፈረበት የጽሑፍ ውል ማስፈረም አለበት። አዲስ ኤጀንቶች ይህን ይፈሩታል። እኔ ግን ለእነሱ የመጣ ጸጋ ይመስለኛል፤ ስድስት ወር ቤት ሲያስጎበኝ ከርሞ ደንበኛው በሌላ ሰው በኩል የገዛበት ኤጀንት ስንት ነው!

“ጽናት ማለት ሥራ ለቆ መግባት ነው”

ሥራ ለቅቆ በክሬዲት ካርድ የሚኖር ኤጀንት በሦስተኛው ወር ደንበኛውን መገፋፋት ይጀምራል። ኢንስፔክሽን ላይ ጣራው ሲያፈስ ቢታይም “ይለፉት” ማለት ይከጅለዋል። ገዢውም ያሸተዋል። የስድስት ወር ወጪውን ያስቀመጠ፣ ወይም የማታ ሥራውን ያልለቀቀ፣ “ይህን ቤት አይግዙ” ለማለት አቅም አለው። በየቀኑ ለጥቂት ሰው መደወል፣ ለሌላ ኤጀንት ኦፕን ሃውስ ቁጭ ማለት፣ የሚያውቁትን ሰፈር አዲስ ሽያጮች መከታተል አሰልቺ ነው፤ ጽናት ግን ከዚህ ሌላ አይደለም።

ብሮከር ሲመርጡም ስለ ክፍፍሉ ከመጠየቅዎ በፊት “የመጀመሪያውን ውሌን ስጽፍ አጠገቤ የሚቀመጠው ማነው?” ብለው ይጠይቁ። ስም ጠቅሶ ካልመለሰልዎ ሌላ ቢሮ ይሂዱ።