ናስትሮ የተጠቀለለበት የመብራት ገመድ ቤታችሁ አለ?

ዛሬ የምናወራው ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ራስጌ መብራት ገመድ ነው። «ዶክተር፣ ይሄ የኤሌክትሪሺያን ሥራ አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን ገመዱ የጎዳው ሰው የሚመጣው እኛ ጋ ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ ገመድ ሲላጥ ናስትሮ ይጠቀለልበትና መብራቱ ሥራውን ይቀጥላል። ናስትሮ ግን ጥገና አይደለም። ማጣበቂያው በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይለቃል፤ ውስጥ የተበጣጠሱት ቀጫጭን ሽቦዎችም እንደተበጠሱ ይቀራሉ። መፍትሔው ገመዱን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው።

ኤሌክትሪክ ሰውነታችንን ምን ያደርገዋል?

የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ደረቅ ቆዳ በመጠኑ ይከላከላል፤ እጃችን ሲረጥብ ወይም በባዶ እግራችን ወለል ስናጥብ ግን መከላከያው በጣም ይቀንሳል። 1 ሚሊ አምፒር ገደማ ሲያልፍብን ነዘር ያደርገናል። ከ10 እስከ 20 ሲደርስ የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና ሽቦውን መልቀቅ ያቅተናል። «ኤሌክትሪክ ያዘው» እንላለን አይደል? እውነታው የያዘው የራሱ እጅ ነው። ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፒር በደረት በኩል ካለፈ ደግሞ የልብ ምት ተዘበራርቆ ልብ ደም መርጨት ሊያቆም ይችላል። ባለ 40 ዋት የድሮ አምፖል ሲበራ 180 ገደማ ይስባል። ስለዚህ «ትንሽ መብራት ናት» ብላችሁ አትናቁ።

ሕፃን ያለበት ቤት

መዳህ የጀመረ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። የተላጠ ገመድ ከነከሰ የከንፈሩ ጠርዝ ይቃጠላል። ቁስሉ ትንሽ ሊመስልና ብዙም ላያመው ይችላል። ነገር ግን ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ቅርፊቱ ሲነሳ ከከንፈሩ የደም ሥር ድንገት ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ቤት ውስጥ መድማት ከጀመረ ከንፈሩን በንጹሕ ጨርቅ ከውስጥና ከውጭ በሁለት ጣት ጨብጣችሁ በመያዝ ሳትለቁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ገመዱን ስትቀይሩ

1. ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ባለ ሁለት እግር ስፒና ተገልብጦም ስለሚገባ፣ መብራቱ ጠፍቶ እንኳ የአምፖል መያዣው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሊኖር ይችላል። አምፖል ስትቀይሩም እንዲሁ ንቀሉ።

2. አምፖሉ ሲቀዘቅዝ አውጡት። መያዣውን ፈታችሁ ሽቦዎቹ የታሰሩበትን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

3. የድሮውን ገመድ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ለራስጌ መብራት 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ተጣጣፊ ገመድ ይበቃል። የድሮው ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ አዲሱም ባለ ሦስት ይሁን፤ አረንጓዴና ቢጫው ከመብራቱ ብረት አካል ጋር ይታሰራል። እሱን ቆርጦ መተው በሕይወት መጫወት ነው።

4. የሽቦውን ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ላጡ፣ ጠምዝዙት፣ ብሎኑ ሥር አጥብቃችሁ እሰሩት። አንዲት ክር እንኳ ወደ ውጭ እንዳትቀር።

5. ገመዱ ሲጎተት ጉልበቱ ሽቦው ላይ እንዳያርፍ የገመድ መያዣውን አጥብቁ። ሁሉንም ከገጠማችሁ በኋላ ብቻ በደረቅ እጅ፣ ጫማ አድርጋችሁ ሰኩት። ሽታ፣ የጢስ ምልክት ወይም ጢዝ የሚል ድምፅ ካለ ወዲያው ንቀሉት።

ሶኬቱ ራሱ ከጠቆረ፣ የመብራቱ ብረት ሲነካ ከነዘረ ወይም ገመዱ የእንጀራ ምጣድ ወይም የምድጃ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት።

ሰው በኤሌክትሪክ ከተያዘ

በእጃችሁ አትንኩት! መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ከሽቦው አላቁት፤ ከዚያ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ደውሉ። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መሃል ላይ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እርዳታ እስኪደርስ ተጫኑ። ወተት ማጠጣትም ሆነ አፈር ማልበስ ጊዜ ከማባከን ውጪ አይጠቅምም። ራሱን ስቶ የነበረ፣ ልቡ የሚመታበት፣ ቁስል ያለው ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች «አሁን ደህና ነኝ» ቢሉም ይመርመሩ፤ ውጭው ትንሽ የሆነ ቃጠሎ ውስጡ ሊሰፋ ይችላል።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የራስጌ መብራታችሁን ገመድ ከስፒናው እስከ አምፖሉ ድረስ በዓይናችሁ ተከተሉት። ናስትሮ ካያችሁ ንቀሉት፤ ሳይቀየር አይሰካ። ትንሽ ልጅ ላላቸው ወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ጤና!