ተጨማሪ መረጃ፦ አፈር እንደ ውሃ ሲሆን

በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውንም መንገድ በስንጥቅና በናዳ ጎድቶታል። በጣና ሐይቅ ዳር ያለችው ባሕር ዳር የመሬት መንቀጥቀጥ ከሚበዛበት ስምጥ ሸለቆ ራቅ ስለምትል ስጋቷ ያነሰ ነው። ነገር ግን ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ ከሕንጻው ሥር ያለውም አፈር መታየት አለበት።

ወደ ጣና የሚገቡ ወንዞች በየአፋቸው ደለል ያከማቻሉ። ውሃ የጠገበ ልል አሸዋ ወይም ደለል በኃይል ሲናጥ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው የውሃ ግፊት ይጨምራል፤ ቅንጣቶቹ መደጋገፋቸውን ያጡና አፈሩ ሸክም መያዝ ያቅተዋል። ይህ «የአፈር ፈሳሽነት» ይባላል። ያኔ የተቀበረ የውሃ ቧንቧ ከመገጣጠሚያው ሊላቀቅ፣ ሕንጻም ሳይሰበር ሊያዘም ይችላል። በ1956 ዓ.ም. በጃፓን ኒጋታ ከተማ በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ አፓርታማዎች እንዳሉ ጋደም ብለዋል! በጥቁር ድንጋይ ላይ የተሠራ ቤት ግን፣ ሐይቁ ዳር ቢሆንም፣ ይህ አያሰጋውም።

እናንተም ሞክሩት፦ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አሸዋ ጨምሩ፤ እስኪጠግብ ድረስ ውሃ አፍስሱበት፤ ውሃው ግን ከአሸዋው በላይ እንዳይተኛ። ከላዩ ድንጋይ አስቀምጡና የሳህኑን ጎን ደጋግማችሁ ምቱ። ድንጋዩ ምን ሆነ? ውሃውስ? በደረቅ አሸዋ ድገሙትና ልዩነቱን በደብተራችሁ መዝግቡ።