ለአሮጌ ኮርሳ ብስክሌት የሚሆን ፔዳል

እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ የኮርሳ ብስክሌት ፔዳል መልኩ እምብዛም አይለያይም ነበር። መሀሉ ላይ የብረት ዘንግ፣ በዘንጉ ዙሪያ የሚሽከረከር አካል፣ በፊትና በኋላ እግር የሚያርፍባቸው ስስ ብረቶች፣ የጫማውን አፍንጫ የሚያቅፍ መያዣና እግርን የሚያጠብቅ የቆዳ ማሰሪያ አለው። በ1984 የበረዶ ሸርተቴ ማሰሪያ በመሥራት የታወቀው የፈረንሳይ ኩባንያ ሉክ ጫማን ያለ ማሰሪያ ቀጭ አድርጎ የሚይዝ ፔዳል አወጣ። በዓመቱ በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ተወዳዳሪው ሁሉ ወደ አዲሱ ዞረ፤ ገና ብዙ መንገድ የሚሄድ ፔዳልም እየተፈታ በየጓዳው ተጣለ። አሮጌው ፔዳል ዛሬ በርካሽ የሚገኘው ፈላጊ ስላጣ እንጂ ጥራት ስለጎደለው አይደለም።

ገዢ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው የብረቱን ማብራትና የተቀረጸበትን ስም ነው። መቅደም ያለበት ግን ወደ ክራንኩ የሚገባው የዘንጉ ጫፍ፣ ማለትም ጥርሱ ነው። የእንግሊዝ፣ የጣሊያንና የጃፓን ኮርሳዎች ፔዳል ውፍረቱ ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ወይም 14.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ርዝመት 20 ጥርስ አለው። የቀድሞዎቹ የፈረንሳይ ብስክሌቶች ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና ጥርሱ በ1.25 ሚሊ ሜትር የሚራራቅ ፔዳል ይጠቀሙ ነበር። ልዩነቱ ሲሶ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላምና በዓይን አይለይም። የፈረንሳዩ ፔዳል በእንግሊዙ ክራንክ ውስጥ ያለ ምንም ትግል ይገባል፤ አደጋውም ይኸው ነው። እየተወዛወዘ ለስላሳውን አሉሚኒየም ይበላና ክራንኩን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። የእንግሊዙ በፈረንሳዩ ክራንክ አይገባም፤ ሆኖም በረጅም መፍቻ አስገድዶ የሚያስገባ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው በጥቂት ብር የገዛውን ፔዳል ለመግጠም ብዙ እጥፍ የሚያወጣ ክራንክ ይሰብራል። የሚገባው መንገድ የፈረንሳዩን ቀዳዳ በጥርስ ማውጫ አስፍቶ ወደ እንግሊዙ ልክ ማምጣት ነው።

በዘንጉ ጫፍ የተቀረጸው ፊደልም ይናገራል። የእንግሊዝና የጃፓን ፔዳል ቀኙ «አር»፣ ግራው «ኤል» ይባላል። ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ቀኙን ሁለቱም «ዲ» ስለሚሉት መታየት ያለበት ግራው ነው፤ በጣሊያኑ «ኤስ»፣ በፈረንሳዩ «ጂ» ይነበባል። ሆኖም ፊደሉ አገሩን እንጂ ልኩን አያረጋግጥም፤ የፈረንሳይ ፋብሪካዎች በእንግሊዝ ልክም ይሠሩ ነበርና። ፍርዱን የሚሰጠው ካሊፐር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሺማኖ ዳይና ድራይቭ ብሎ ያወጣው ፔዳል ደግሞ ጥርሱ አንድ ኢንች ያህል ስለሚሰፋ ከራሱ ክራንክ በቀር በየትኛውም አይገጥም፤ ብቻውን ሲሸጥ ቢገኝ ማለፍ ነው።

የግራው ፔዳል ጥርስ ወደ ተቃራኒ የተቆረጠ መሆኑን ብስክሌት የነካ ሁሉ ያውቃል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ግን የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው። ኩሽኔታው ዘንጉን እየጎተተ እንዳይፈታው ነው ይባላል። ከብስክሌቱ ቀኝ ቆሞ ለሚያይ ሰው ክራንኩ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል። እግር የተጫነው የፔዳሉ አካል ግን አግድም እንደሆነ ይቆያል፤ ስለዚህ ከክራንኩ አንጻር ሲታይ የሚዞረው በተቃራኒው፣ ማለትም ወደ መፍቻው አቅጣጫ ነው። የሚሠራው የኩሽኔታው ሰበቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቀኙን ፔዳል ይፈታው ነበር እንጂ አያጠብቀውም ነበር። የተለመደው መልስ እውነት እንዲሆን የግራና የቀኝ ጥርሶች ቦታ መለዋወጥ ይኖርባቸዋል።

ፔዳሉን የሚያጠብቀው ሌላ ነገር ነው። ዘንግ የቱንም ያህል ጠብቆ ቢታሰር ከቀዳዳው ጋር በዓይን የማይታይ ክፍተት አያጣም። እግር ሁልጊዜ የሚጫነው ወደ ታች ነው፤ ክራንኩ ግን ይዞራል። በዚህ የተነሳ ዘንጉ የቀዳዳውን ግድግዳ የሚጫንበት ነጥብ ቀዳዳውን ዙሪያውን ይዞረዋል። ነገሩን በሙቀጫና በዘነዘና ማየት ይቻላል። ዘነዘናው የሙቀጫውን ውስጠኛ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሳይንሸራተት፣ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ቢንከባለል፣ በገዛ ራሱ ላይ የሚሽከረከረው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው። በቀኙ ክራንክ ውስጥም እንዲሁ የጫናው ነጥብ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ሲዞር ዘንጉ በጥቂት በጥቂቱ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይሄዳል፤ ይህም የማጥበቂያው አቅጣጫ ነው። በግራ በኩል ሁሉም ስለሚገለበጥ ጥርሱም ተገልብጦ ተቆረጠ። ይህ ኃይል ከደህና ኩሽኔታ ሰበቃ እጅግ ይበልጣል። ኩሽኔታው ዝጎ ሲነክስ ግን ሰበቃው ያሸንፍና ፔዳሉ ይፈታል።

ከዚህ ለሁለቱም ጎን የሚሠራ አንድ ደንብ ይገኛል። መፍቻው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጫፉን ወደ ብስክሌቱ ፊት መግፋት ያጠብቃል፣ ወደ ኋላ መሳብ ይፈታል። ይህን ሳያስተውሉ ግራውን እንደ ቀኙ ለመፍታት እየታገሉ ይበልጥ የሚያጠብቁ ጥቂት አይደሉም።

ጥርሱ ልክ ከሆነ ተራው የኩሽኔታው ነው። ዘንጉ በሁለት ጣት ተይዞ ቀስ ብሎ ይዞራል። መንቀጥቀጥ ከተሰማ ምናልባት ቅባቱ ደርቆ ይሆናል፤ ኳሶቹን አውጥቶ አዲስ ማስገባትና ግሪስ መቀባት ርካሽ ሥራ ነው። ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ውስጠኛ ጎድጓዳ ከተቦረቦረ ግን አዲስ ኳስ አያድነውም። ዘንጉ ሲዞር ጫፉ ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ከሆነ ታጥፏል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው በነጻም ቢሰጥ ጉልበት ይጎዳል። በስሱ ብረት ጠርዝ ላይ የሚታይ ጭረት በኩርባ ላይ መሬት የነካበት ምልክት ብቻ ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል እንጂ አያሳስብም።

ስምን በተመለከተ፣ ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1933 ቪቼንሳ ላይ የመሠረተው ፋብሪካ ያወጣው ሬኮርድ ፔዳል የዘመኑ መለኪያ ነበር፤ ሰብሳቢዎች ስለሚሻሙበት ግን ዋጋው አይቀመስም። የጃፓኖቹ ሳንቱር፣ ኪዮኩቶና ሺማኖ 600 ያንኑ አገልግሎት በጣም ባነሰ ዋጋ ይሰጣሉ። ሚካሺማ የሚሠራው ሲልቫን መልኩ የዚያን ዘመን ሲሆን አዲሱ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሲሸጥ ቆይቷል። የፈረንሳዩ ሊዮታር በ1907 እና በ1913 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን በያዘው በማርሴል በርቴ ስም የጠራው ጠፍጣፋ ፔዳል ልዩ ምስጋና ይገባዋል። ዝቅ ያለ ነው፤ ከኋላው ያለችው ምላስም እግር ፔዳሉን በቀላሉ ገልብጦ እንዲገባ ትረዳለች። ሲገዛ ጥርሱ በየትኛው ልክ እንደተቆረጠ መለካት ብቻ ያስፈልጋል።

ከመገጠሙ በፊት ጥርሱ ግሪስ ይቀባል፤ ብረትና አሉሚኒየም ደረቅ ሆነው ከቆዩ ይጣበቃሉና። የመጀመሪያው ዙር በእጅ ጣት ብቻ ይዞራል፤ ቀጥ ብሎ ካልገባ ወጥቶ እንደገና ይሞከራል። ከዚያ በኋላ በስስ 15 ቁጥር መፍቻ ይጠብቃል። የአፍንጫ መያዣው ቁመት በጫማው ልክ ይመረጣል፤ የእግሩ ጣቶች ሥር ካለው ሰፊ አጥንት በታች ዘንጉ ሲውል ልኩ ተገኝቷል።