ያማረ የሳይንስ ገጽ ሁሉ እውነት ነውን?

በሥራዬ ምክንያት የማውቃቸው አንዲት እናት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። አንድ ቀን ልጃቸው ከኢንተርኔት ያወጣውን ጽሑፍ ይዘው መጡ። አንድ ቅጠል ስኳርን ፈጽሞ እንደሚያድን “ሳይንስ አረጋግጧል” ይላል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው፣ ማይክሮስኮፕና ያሸበረቁ ሥዕሎች አሉበት። “ልጄ፣ ይህን የመሰለ ነገር ውሸት አይሆንም ብዬ ኪኒኔን ላቆም ነበር” አሉኝ። ገጹን በኮምፒውተር ከፍተን እስከ መጨረሻው ስናነበው ግን ከታች የቅጠሉ ዋጋ ተጽፎ አገኘን።

እኚህ እናት ብቻቸውን አይደሉም። ሁላችንም ከማንበባችን በፊት በዓይናችን እንፈርዳለን። በ2006 በካናዳ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ ሰው አንድን ድረ ገጽ ያምራል ወይም አያምርም ለማለት 50 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም የአንድ ሰከንድ ሃያኛ ክፍል እንደሚበቃው አሳይቷል። በ2002 ደግሞ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2,600 በላይ ሰዎች የድረ ገጾችን ታማኝነት እንዲመዝኑ ጠይቀው ነበር። ከተሰጡት አስተያየቶች 46 ከመቶ ያህሉ ስለ ገጹ መልክ የሚናገሩ ሆነው ተገኙ።

ይህ ሲባል ግን ውበት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሳይንስ በራሱ ከባድ ነው። ፊደሉ ከደቀቀ፣ አንቀጹ ከረዘመ፣ ማስታወቂያው በየቦታው ብልጭ ድርግም ካለ ልጅም አዋቂም ትቶት ይሄዳል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሮበርት ኔሚሮፍና ጄሪ ቦኔል የተባሉ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በ1995 በናሳ የጀመሩት “የዕለቱ የሥነ ፈለክ ሥዕል” ነው። ከላይ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ባለሙያ የጻፈው አጭር ማብራሪያ አለ። ሌላ ጌጥ የለውም። ሥዕሉ ዓይንን ይስባል፤ ተመልካቹ “ይህ ምንድን ነው?” ሲል መልሱን እዚያው ያገኛል። እዚህ እስራኤል ውስጥም ረሆቮት በሚገኘው የዋይዝማን ተቋም ሥር ያለው ዴቪድሰን፣ ሳይንስን በዕብራይስጥ ለሕዝብ የሚያስረዳ ድረ ገጽ አለው።

እንግዲህ መልክ በር ነው። በሩ ቢያምርም የቤቱን ባለቤት መጠየቅ ይገባል። ልጆቻችሁ አንድ ገጽ ሲያሳዩአችሁ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቋቸው፦

1. የጻፈው ማን ነው? ሙያውስ ምንድን ነው?
2. መቼ ተጻፈ?
3. “ጥናት አሳይቷል” ካለ፣ የማን ጥናት እንደሆነ ይናገራል?
4. የሚሸጠው ነገር አለ?

ይህን ለመጠየቅ ዕብራይስጥ ማንበብ አያስፈልግም። ልጁ ያነበበውን በአማርኛ እንዲያስረዳችሁ አድርጉ። ማስረዳት ካቃተው ምናልባት የገባው ሥዕሉ እንጂ ነገሩ አይደለም። ነገሩ ጤናን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ የኩፓት ሖሊም ሐኪማችሁን ሳታማክሩ መድኃኒት አታቁሙ። እኚያ እናት ኪኒናቸውን አላቋረጡም፤ ልጃቸውም አሁን አንድ ገጽ ሲያገኝ መጀመሪያ ወርዶ የሚያየው መጨረሻውን ነው።