«ኢትዮጵያ» መርከብና የእርዳታ እህል ወደብ

ለሐይቅና ለአምባሰል ተረጂዎች የሚታደለው የውጭ እህል ጉዞውን ከባሕር ስለሚጀምር፣ የአንዲት መርከብ የአገልግሎት ታሪክ ለእርዳታ ሥራ ትምህርት አለው።

«ኦርካ» ለባሕር አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና የምታቀርብ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች። በጥር 1936 ዓ.ም. ሥራ ጀምራ በፊሊፒንስ ውጊያ አገለገለች። በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተላልፋ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ ዕጩ መኮንኖችንም አሠለጠነች። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ወጣች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ስትያዝ መርከቢቱ ወደ የመን ሄደች፤ በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

የወሎ እህልም ዕድሉ ከወደብ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በአሰብ የገባ እህል በባቲ፣ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ ሐይቅ ይደርስ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞሯል። ስለዚህ መጠባበቂያው እህል የባሕሩ መንገድ ክፍት ሳለ በቅርብ መጋዘን መከማቸት ይገባዋል።