ጡረታ በደሴት ላይ፦ ተረቱና እውነታው

በዋሽንግተን አካባቢ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲፈላ ጡረታቸው የተቃረበ ሰዎች ጨዋታ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፦ በረዶ መዛቅ ሰለቸን፣ ጉልበታችን ብርዱን አልቻለውም፣ የሚሞቅ አገር እንሂድ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ፖርቶ ሪኮ ያለ ቤት በስልካቸው አሳዩኝ። ነጭ ግድግዳ፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ከበረንዳው ማዶ ባሕር። “ልጄ፣ እኛ እንደሆን የሙቀት አገር ሰዎች ነን” አሉኝ። ፎቶው የተነሳው በጃንዋሪ ነው። እኔ ደግሞ የዚያን ቤት ሴፕቴምበር ነበር ማየት የፈለግሁት።

ተረት፦ “ትሮፒክ ማለት ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም”

ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ ትሮፒክ ውስጥ ናት። አዲስ አበባ ከፖርቶ ሪኮዋ ሳን ሁዋን ይልቅ ለምድር ወገብ ትቀርባለች፤ ግን ማታ ማታ ጋቢ ታስደርባለች። ምክንያቱ ከፍታዋ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። አባቶቻችን አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው የከፈሉት በዚሁ ነው። የደሴት ዳርቻ ቆላ ነው፤ ያውም ወበቅ ያለበት ቆላ። ሳን ሁዋን በኦገስት ቀን 32 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ ሌሊቱም ከ25 እምብዛም አይወርድም። አዲስ አበባ ያደገ ሰውነት የለመደው ቀን ቢሞቅ ማታ የሚበርድ አየር ነው፤ እዚያ ግን ያ የማታ እረፍት የለም።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተን ነው፤ አየሩ በእርጥበት ከጠገበ ላቡ ገላ ላይ ይቀራል እንጂ አይተንም። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ሰውነት ውኃ እያጠረው እንኳ ጥማት ብዙም አይሰማም። ከደም ግፊት መድኃኒቶች መካከል ሽንት የሚያበዙት ይህን ያባብሱታል። ቤት ከማየት በፊት ሐኪም ማማከር የሚገባው ለዚህ ነው።

ተረት፦ “አንድ ደሴት፣ አንድ የአየር ጠባይ”

ለእኔ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ ደሴቱን በጥንቃቄ መርጠው ወገኑን ሳይመርጡ የሚገዙ አሉና። በካሪቢያን ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከምሥራቅ ይነፍሳል። ከባሕሩ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል፣ ተራራ ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። ወደ ማዶ የሚወርደው ደረቁ አየር ነው። ስለዚህ በፖርቶ ሪኮ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የኤል ዩንኬ ደን በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲያገኝ፣ በደቡብ ምዕራብ ያለችው ጓኒካ 1,000 እንኳ አትደርስም፤ እዚያ ቁልቋል ይበቅላል። በመካከላቸው ያለው መንገድ የጥቂት ሰዓት ነው። የሃዋይ ትልቁ ደሴትም እንዲሁ ነው፦ ሂሎ ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፣ የኮና ዳርቻ ግን ደረቅ ነው።

ለደገኛ ሰው የሚስማማው ከዳርቻው ይልቅ መሐሉ ነው። አድሁንታስና ሃዩያ የሚባሉት የፖርቶ ሪኮ ከተሞች በተራራ መሐል ያሉ የቡና አገሮች ናቸው፤ ማታቸው ቀዝቀዝ ይላል። ሆኖም ሰፊ ሆስፒታል ያለው ቁልቁል በትልልቆቹ ከተሞች ነው፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው። ማሪያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ደሴቲቱን ሲመታ ከሁሉም ዘግይቶ መብራት የተመለሰላቸው የተራራ መንደሮች ናቸው፤ አንዳንዱ ቤት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው ያየው። የደሴቲቱ መንግሥት በኋላ የተቀበለው የሟቾች ቁጥር 2,975 ነው። አረጋውያን ይበዙበታል። ኢንሱሊን የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ፣ የኦክስጅንና የኩላሊት እጥበት መሣሪያ ያለ መብራት አይሠሩም።

ተረት፦ “ዐውሎ ነፋስ የማይመታው ደሴት የለም”

አለ። ዐውሎ ነፋስ እንዲጠማዘዝ የሚያደርገው የምድር መሽከርከር ነው፤ ያ ኃይል ደግሞ ከምድር ወገብ አጠገብ ደካማ ነው። ስለዚህ የሲሼልስ ዋና ደሴት ማሄ ከምድር ወገብ ከ5 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ስለሆነች ከመንገዱ ውጭ ናት። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚበረርባት ዛንዚባርም 6 ዲግሪ ላይ ሆና እምብዛም አይደርስባትም። ሞሪሸስ ግን 20 ዲግሪ ላይ መንገዱ መሐል ናት፤ የዐውሎ ነፋሷ ብርቱ ወራትም ከጃንዋሪ እስከ ማርች፣ ማለትም እኛ ከአሜሪካ በረዶ ልንሸሽ የምንፈልግበት ጊዜ ነው። ዛንዚባርን የሚያስብ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይወቅ፦ ከ1964ቱ አብዮት ወዲህ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የውጭ ሰው በሊዝ እንጂ በባለቤትነት አይዝም።

ተረት፦ “ሜዲኬር የትም ይከተለኛል”

ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ዛንዚባር፣ ሞሪሸስ፣ አሩባ ሲታመሙ ከኪስ ወይም ከሌላ ኢንሹራንስ ነው። ፖርቶ ሪኮ፣ የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶችና ጓም ግን የአሜሪካ ግዛት ስለሆኑ ይሠራል። አንድ ወጥመድ ብቻ አለ፦ በፖርቶ ሪኮ የሚኖር ሰው 65 ሲሞላው የሐኪም ወጪ የሚሸፍነው ክፍል ቢ እንደሌላው ስቴት በራሱ አይመጣም፤ ጠይቆ መመዝገብ አለበት። ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል፣ ቅጣቱም ክፍል ቢን እስከያዘ ድረስ አይነሣለትም።

ከዚህ የባሰው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን የሚከፈለው ድጎማ፣ የኤስኤስአይ ነገር ነው፤ ብዙ እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚኖሩበት ገንዘብ ስለሆነ ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ። ሠርተው ያገኙት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ፖርቶ ሪኮ ይደርሳቸዋል። ኤስኤስአይ ግን ፖርቶ ሪኮ ለሚኖር አይከፈልም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2022 ይህን አጽድቋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘው፣ የአሜሪካ ምድር ላይ ሆነው ገንዘቡ ይቋረጣል። ይህ ለእኔ ግፍ ነው፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው።

ስለ ርካሽ ኑሮ ብዙ አልልም። በደሴት የሚበላው አብዛኛው በመርከብ ይመጣል፤ ለፖርቶ ሪኮና ለሃዋይ ደግሞ ከ1920 ጀምሮ ያለ ሕግ ከአሜሪካ ወደቦች የሚጫነውን ዕቃ አሜሪካ በተሠራ መርከብ ብቻ እንዲጓጓዝ ያስገድዳል። ጨዉንም አይርሱ። የባሕሩ ነፋስ የሚያመጣው ጨው የበር ማጠፊያ ያዝጋል፣ የኤሲውን ክንፎች ነጭ ዱቄት እስኪመስሉ ይበላል፣ ቁልፉም አንድ ቀን አልዞር ይላል።

እኚያ እናት ቤቱን አልገዙም፣ አልተዉትምም። አድሁንታስ ውስጥ ለኦገስትና ለሴፕቴምበር ክፍል ተከራይተዋል። ከዕድራቸው ፈቃድ ወስደዋል፣ የሁለት ወር መድኃኒታቸውን ቋጥረዋል። ሻንጣቸውን ሲያሳዩኝ ከላይ የተጣጠፈው ጋቢያቸው ነበር።