መድፍን በአፈር፦ የኒውአርክ ከተማ ምሽግ

ከተማችሁ ላይ መድፍ ቢደገንባት በምን ትከልሏታላችሁ? «በድንጋይ ግንብ» ብላችሁ ይሆናል። ከ380 ዓመት ገደማ በፊት እንግሊዝ ውስጥ ኒውአርክን ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ግን በአፈር ይተማመኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1642 በንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ኒውአርክ ለንጉሡ ወገነች። ከለንደን ወደ ሰሜን የሚወስደው ዋና መንገድ ትሬንት ወንዝን የሚሻገረው እዚያ ስለሆነ ሁለቱም ወገኖች አጥብቀው ፈለጓት። ሦስት ጊዜም ተከበበች፤ በ1643፣ በ1644፣ በመጨረሻም ከ1645 መገባደጃ እስከ ሜይ 1646።

ታዲያ አፈር ለምን ተመረጠ? ድንጋይ ጠንካራ ነው፣ ግን ይሰነጠቃል። የመድፍ ጥይት ደጋግሞ ሲመታው ይፈረካከሳል፤ ፍንጣሪውም ሰው ይገድላል። የተጠቀጠቀ አፈር ግን ጥይቱን ይውጠዋል፤ ኃይሉ እዚያው ውስጥ ይበርዳል። ቢቦረቦር እንኳ ሌሊት በአካፋ ይጠገናል። አፈሩ የተዛቀበት ቦታ ደግሞ ጥልቅ ቦይ ሆኖ ጠላትን ያግዳል። በአንድ ሥራ ሁለት መከላከያ ማለት ነው!

ቅርጹስ? እስቲ ወረቀት ላይ ክብ ግንብ ሣሉ። ግንቡ አናት ላይ የቆመ ወታደር እግሩ ሥር የተጠጋውን ጠላት ማየት አይችልም። ስለዚህ ከሁለተኛው ከበባ በኋላ ከከተማዋ በስተደቡብ የተሠራው፣ በንግሥት ሄንሪየታ ማሪያ የተሰየመው «የንግሥቲቱ ምሽግ» አራት ሹል ማዕዘኖች ወጡለት፤ ከላይ ሲያዩት ኮከብ ይመስላል። አንዱ ማዕዘን ላይ ያለ ተኳሽ የጎረቤቱን ግርጌ ስለሚያይ መደበቂያ አይኖርም።

በሦስተኛው ከበባ የፓርላማውና የስኮትላንድ ጦር እነሱም በተራቸው አፈር ቆፍረው ከተማዋን ዙሪያዋን አጠሯት። ውስጥ ያሉት ለወታደር የሚከፍሉት ገንዘብ ሲያጥራቸው የብር ዕቃዎችን ቆራርጠው ባለአራት ማዕዘን ሳንቲም ሠሩ። ቸነፈርም ገባ። በመጨረሻ ንጉሡ ራሱ እጁን ለስኮትላንዶች ሰጠና ከተማዋም እጅ እንድትሰጥ አዘዘ።

ልብ በሉ፤ ኒውአርክን በጥቃት ሰብሮ የገባ አልነበረም። አፈሩ ሥራውን ሠርቷል። ግን የትኛውም ምሽግ በሽታን አያስቆምም።

ያ ኮከብ ዛሬም ሣር ለብሶ እዚያው አለ።